ሁለተኛውን ጨርሶ ሦስተኛውን ያጣ ሰው አለ? (ስለ ጭራቅ አዳኞች፤ ስፖይለር ክልክል ነው)

የአንገረብ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

እንዴት አመሻችሁ። እዚህ ጎንደር ዝናቡ ከሰዓት ጀምሮ አላባራም። መብራትም ሄዷል። እኔ ደግሞ ልቤ ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለወጣቶች የተጻፈ ባለ ሦስት ክፍል ልብወለድ ይዣለሁ፤ በእንግሊዝኛ ነው። ስሙን አልነግራችሁም። ከነገርኳችሁ አንዳችሁ ጎግል አድርጋችሁ መጨረሻውን ትዘረግፉታላችሁ። ባለፈው ክር ላይ የሠራችሁኝን አልረሳሁም።

ታሪኩን ግን ላውራችሁ። በግንብ የታጠረች ከተማ አለች። ሌሊት ሌሊት ከጫካው ጭራቅ ይመጣል። ጭራቆቹን የሚያድን ማኅበር አለ፤ ልጆችን በ12 ዓመታቸው ወስዶ ያሠለጥናል። ዋናዋ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ማኅበሩ ውስጥ የገባችው ታናሽ ወንድሟ ጫካ ገብቶ ስላልተመለሰ ነው። ቂም ይዛ ነው የገባችው።

አንደኛው መጽሐፍ ጥሩ ነው፤ ሥልጠናው ትንሽ ይበዛል እንጂ። ሁለተኛው ግን ጉድ ነው። መጨረሻው ላይ ልጅቷ ትልቁን ጭራቅ ገደል አፋፍ ላይ አጣበቀችው። ጦሯን አነሳች። ጭራቁ ቀና ብሎ አያትና በቤት ስሟ ጠራት። ያንን ስም ከወንድሟ በቀር የሚያውቅ የለም።

አለቀ! ገጹን ብገልጥ የደራሲው ምስጋና ነው። ድመቱን ሳይቀር ያመሰግናል።

ሁለቱን ፒዲኤፍ የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ልኮልኝ ነበር። ሦስተኛውን ነገ እልክልሃለሁ ባለኝ ሳምንት ዳታ ጠፋ። ያን ጊዜ እዚህ የነበረ ያውቀዋል። ሁለቱን መጻሕፍት አራት አራት ጊዜ አነበብኳቸው። ዳታ ሲመለስ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ቀይሯል፤ ፋይሉም አብሮ ጠፍቷል። አንድ ቻናል ላይ ሽፋኑ የሚያምር "ክፍል ሦስት" አገኘሁና ካርዴን በልቶ ወረደ። ስከፍተው የአጥንት ሕክምና መማሪያ ሆኖ አረፈው። ከነሥዕሉ።

እና ሁለት ነገር ልጠይቅ። ሦስተኛውን በወረቀት ጎንደር ውስጥ ማን ጋ አገኛለሁ?

ሌላው ጥያቄ የእህቴ ነው። 13 ዓመቷ ነው፤ እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት ምዕራፍ በምዕራፍ ደብተር ላይ እየተረጎምኩ እሰጣታለሁ። የመጀመሪያውን ገጽ አንብባ መጣችና "ጭራቆቹን የሚያድኗቸው ከምንድን ነው?" አለችኝ። እኔ የጻፍኩት "ጭራቅ አዳኞች" ብዬ ነበር። ሳቅኩባት። ማታ ግን ተኝቼ ሳስበው እንቅልፍ ነሳኝ።

አዘዞ ባጃጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡05

ሃሃሃ የአጥንት ሕክምና! እሱንስ ጨረስከው?

ወንድሜ፣ እኔ ሕግ አለኝ። ሦስቱም እጄ ካልገቡ አንደኛውን አልከፍትም። ተቃጥዬ ነው ይሄን ሕግ ያወጣሁት። የምሠራው ከአዘዞ ፒያሳ ነው፤ ተራ እስኪደርሰኝ አነባለሁ። አንድ ቀን ተራዬ ደረሰ፣ ተራ አስከባሪው ይጮሃል፣ የመጽሐፉ ልጅ ደግሞ ዋሻ ውስጥ ፋኖሱ ሊጠፋበት ነው። እንዴት ትቼው ልሂድ? ሦስት ተሳፋሪ ለኋላው ባጃጅ አስረከብኩ። ማታ ሒሳብ ሲጎድል ለባለቤቱ ምን ልበለው? "ጭራቅ ይዞኝ ነው" አይባል ነገር።

አንድ ነገር ግን ንገረኝ። ጭራቁ ስሟን ሲጠራ ድምፁ የወንድሟ ነው ወይስ የራሱ? አያቴ "ማታ ከውጭ ስምህ ሲጠራ ቶሎ አቤት አትበል፤ ጅብም ስም ይጠራል" ትለን ነበር። ስም ማወቅ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ባይ ነኝ።

የአንገረብ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡12

@አዘዞ ባጃጅ ድምፁን አይገልጸውም! "አለ" ብቻ ነው የሚለው። አራት ጊዜ ያነበብኩት ለምን መሰለህ?

መምሬ ያልሆነ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡50

እህትህን ሳምልኝ። የጠየቀችው ከመጽሐፉ ሳይበልጥ አይቀርም።

"አደነ" ስንል ደ ይጠብቃል፤ አውሬ አሳዶ ያዘ ወይ ገደለ ማለት ነው። "አዳነ" ስንል ዳ ይላላል፤ ከሞት አተረፈ ነው። ከሁለቱም የሚወጣው ሰው "አዳኝ" ይባላል። አንዱ ጠብቆ፣ አንዱ ላልቶ። ስንናገር ማንም አይሳሳትም። ስንጽፍ ግን ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። "ጭራቁን ያድነዋል" ብለህ ብትጽፍላትም ከዚያው ጉድጓድ አትወጣም። ያው አንድ ነው። (ቅኔ ዐዋቂ አይደለሁም፤ እኔ የተማርኩት አቋቋም ነው። ጎንደርም የምትታወቀው በእሱ ነው። ቅኔ የሚፈልግ ዋሸራ ይሂድ። ለዚህች ግን ቅኔ አያስፈልግም።)

ደግሞ ጭራቅ አዳኝ ፍለጋ ካርድህን ጨረስክ፤ የኛው ጭራቅ አዳኝ በአያቶቻችን አንገት ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል እኮ። ክታቡን ፈተህ አይተህ ታውቃለህ? ረጅም የብራና ጥቅል ነው፤ ቁመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ የሚደረግ አለ። አናቱ ላይ ትልልቅ ዓይኖች ይሳላሉ። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ነው። ንጉሡ ሱስንዮስ አይደለም፣ የአፄ ፋሲል አባት፤ ሌላ ነው።

ሱስንዮስ የበኩር ልጅ ይወለድለታል። ውርዝልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ ቤቱ ትገባለች፤ ልጁ ይሞታል። እናቲቱ ታለቅሳለች። ሰውየው ፈረሱን ጭኖ ጦሩን ይዞ ይወጣል። መንገድ ዳር አንዲት አሮጊት ተቀምጣለች። "የት ገባች?" ሲላት "ከፊትህ ያለው የአትክልት ቦታ" ትለዋለች። ውርዝልያ ዛፍ ሥር ናት፤ አጋንንት ከበዋታል። ወርዶ ይጸልያል፤ ከዚያ ፈረሱ ላይ ይወጣና ጎኗን በጦር ይወጋታል።

አሁን ልብ በል። ተወግታ ትለምነዋለች። ስምህ በሚጠራበት ቤት አልደርስም ብላ ትምላለች። ክታቡ የሚሠራው በዚህ መሐላ ነው። እናት አንገቷ ላይ የምታስረው የጭራቂቱን ሬሳ አይደለም፤ የጭራቂቱን ቃል ነው።

ያቺ መንገድ ዳር የተቀመጠች አሮጊት ማናት? ይህ እስካሁን አልተገለጠልኝም።

ቡና በጤና አዳም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡15

መምሬ፣ አሮጊቷን ተዋትና ወደ ዛፉ ና።

ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚያሳየውን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። ነጭ ፈረስ፣ ጦር፣ ታች የተጠመዘዘ ዘንዶ። ጥግ ላይ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። ብሩታዊት ናት። ለዘንዶው የተሰጠችው ልጅ። እኔ ትንሽ ሆኜ ቅዳሴ ሲረዝምብኝ እሷን ነበር የማየው። ጊዮርጊስ ዘንዶውን እንኳ አያይም፤ ቀጥ ብሎ እኛን ነው የሚያየው። ዘንዶው ጦሩን ያያል። ሁሉን ከላይ የምታየው እሷ ብቻ ናት። ደግሞ የዛፉን ግንድ እንዴት እንደያዘችው! በሁለት እጇ።

የወጣቶች ልብወለድ ያደረገው ነገር ቢኖር ይሄ ይመስለኛል። ካሜራውን ከፈረሱ አውርዶ ዛፉ ላይ ሰቀለው። ታሪኩን ልጅቷ ትንገረን አለ። የከተማው ሰው ለዘንዶ ሲሰጣት እናቷ የት ነበረች? ጎረቤት ምን አለ? ነገ ከዛፉ ስትወርድ እነዚያኑ ሰዎች እንዴት ደህና አደራችሁ ትላለች? እኔ ሦስት ክፍል ሙሉ የማነበው ለዚያ ነው። ጭራቁ በመጀመሪያው ሃምሳ ገጽ ቢሞትም ግድ የለኝም።

ማራኪ ዶርም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

ይቅርታ ግን ሁሉም እየተቀባበለ ነው። የፈረንጅ የልጆች መጽሐፍ ነው እኮ። ንግድ ነው። አንዱን ታሪክ ለሦስት ቆርጠው ሦስት ጊዜ ይሸጣሉ። ምዕራፉ ሁሉ በአደጋ ያልቃል፤ ገልጠህ ስታይ አደጋው ድመት ነው። ሦስት ጊዜ ስትታለል እንዴት አይነቃብህም? ነገ ፈተና ያለው ሰው "ጭራቁ ወንድሟ ነው አይደለም" ብሎ ሲያድር ያሳፍራል። የራሳችንን ትተን።

አዘዞ ባጃጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡44

ነገ ፈተና ያለው ሰው ከምሽቱ 4፡40 እዚህ ምን ይሠራል?

ቡና በጤና አዳም · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡02

@ማራኪ ዶርም በድመቷ እስማማለሁ። ርካሽ ማንጠልጠያ አለ። ግን ማንጠልጠል የፈረንጅ ነው ያለህ ማን ነው? "ተረት ተረት" ስትባል "የላም በረት" ብለህ ያደግክ አይደለህ? አያቴ ዘንዶው በሩ ላይ ሲደርስ "በሉ እሳቱ ከሰለ፣ የቀረውን ነገ" ትል ነበር። እኛ እንጨት ፍለጋ ጓሮ እንሮጣለን። ጓሮው ጨለማ ነው። ቀበና ሳይሆን ጎንደር ነው፣ ጅብ በአጥሩ ሥር ያልፋል። ለአንድ ተረት ጅብ ተጋፍጠን እንጨት እናመጣለን። አሁን ሳስበው ምድጃው በነፃ ነበር የሚነድላት።

ልዩነቱ አያቴ ስትጨርስ "ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ" ትላለች። ያኔ እንተኛለን። የሁለተኛው መጽሐፍ ደራሲ ተረቱን ሳይመልስ ነው ዳቦውን የወሰደው። የክሩ ባለቤት የተናደደው በዚህ ነው።

ጥሩው ማንጠልጠያ ደግሞ ድመት አይደለም። "በሩ ላይ ማን አለ?" ብሎ ቢያቆም መልሱን ስታገኝ ያልቃል። ስሟን ጠርቷት ሲያቆም ግን መልሱ አይገላግልህም። ወንድሟ ካልሆነ ስሟን ከየት አገኘው? ከሆነስ ጦሩን ምን ታድርገው? በሁለቱም በኩል ገደል ነው።

መምሬ ያልሆነ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡20

ለ@ማራኪ ዶርም፦ "የራሳችንን" ካልክ አርዌን አንሳ እንጂ። በአክሱም ትረካ ከነገሥታቱ በፊት የነገሠው ዘንዶ ነው። ሕዝቡ ከብቱንና ሴት ልጆቹን ይገብርለት ነበር። አንጋቦ መጣና ገደለው። በአንዳንዱ ትረካ መርዝ ያበላትን ፍየል አስውጦ ነው የገደለው፤ በጉልበት አይደለም። ከዚያስ? ነገሠ። የማክዳ አባት እሱ ነው የሚሉ አሉ። ጭራቅ የገደለ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ግብሩን ማን ይቀበላል፣ ያንን አስብ። የክሩ ባለቤት፣ የመጽሐፍህ ማኅበር ልጆችን በ12 ዓመታቸው ይወስዳል አላልክም? ዘንዶውስ ምን ነበር የሚወስደው?

ደግሞ ሁሉም ዘንዶ አይገደልም። ደብረ ዳሞ ላይ አቡነ አረጋዊ አምባው ላይ የወጡት የዘንዶ ጭራ ይዘው ነው። ጭራቅን ገመድ ማድረግም አለ።

የአንገረብ ልጅ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5፡31

መምሬ አሁን ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ ነሳኸኝ። የማኅበሩ አለቃ ገና ከመጀመሪያው ደስ አላለኝም ነበር። ልጆቹ ሲመጡ ጥርሳቸውን ያያል፣ እንደ በቅሎ ገዢ። ያንን መስመር አንደኛው መጽሐፍ ላይ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ።

ባትሪ 9 በመቶ። ነገ እንገናኝ።

አሮጌ መጽሐፍ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡10

እንደምን አደራችሁ ልጆች። እኔ ፒያሳ መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቼ እሸጣለሁ፤ ብዙዎቻችሁ ሳታውቁኝ አትቀሩም። ከሸራዬ ላይ ቶሎ የሚነሳው የ12ኛ ክፍል ጥያቄና መልስ ነው። ልብወለድ የሚያነሳ ሰው ካለ ቆሞ ሃያ ገጽ አንብቦ መልሶ ያስቀምጣል። አልቆጣም። እኔም እንዲያ ነው ያነበብኩት።

የእንግሊዝኛ ልብወለድ የማገኘው ከሆቴል ነው። ሰሜን ተራሮች ዋልያና ጭላዳ ሊያይ የሚሄድ ቱሪስት ሻንጣ ለማቅለል ያነበበውን ትቶ ይሄዳል። አልጋ ቤት የሚሠሩ ልጆች ያመጡልኛል። ታዲያ ሰውየው አንደኛውን አገሩ አንብቦ፣ ሁለተኛውን አውሮፕላን ላይ፣ እኔ ጋ የሚደርሰው ሁልጊዜ ሦስተኛው ነው። ጭራ ጭራውን ሰብስቤ ተቀምጫለሁ። ራስ የሌለው ሦስተኛ ክፍል ማን ይገዛኛል?

አንተ ልጅ፣ የምትፈልገው ሽፋኑ ላይ ጀርባዋን የሰጠች፣ ጦር መሬት የሰካች ልጅ ያለችበት ነው? ጠርዙ አረንጓዴ? አንድ ዝናብ ነክቶታል፤ ገጹ ግን ሙሉ ነው።

የአንገረብ ልጅ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡14

ጋሼ!!! እሱ ነው! እባክዎ ለማንም እንዳይሸጡብኝ። ከሰዓት ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ። የት አካባቢ ነው የሚዘረጉት?

አሮጌ መጽሐፍ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 2፡30

ጃንተከል ዋርካ ጋ ስትደርስ ሰማያዊ ሸራ ታያለህ። ዝናብ ከመጣ ግን ጠቅልዬ እገባለሁ፤ ቶሎ ና። ሁለት ዓመት ያልሸጥኩትን ዛሬ የሚቀማህ የለም፣ አትጨነቅ።

ወለቃ መንገድ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡45

ሌሊቱን ሙሉ ስታወሩ አነበብኳችሁ። አንድ ነገር ልበል። ብዙ ጊዜ አልጽፍም።

ጅብ ስም ይጠራል ያልከው ባጃጅ፣ አያትህ ሌላም ነገር ነግራህ ይሆናል። ጅብ ሲገደል ጆሮው ላይ ሎቲ ተገኘ የሚል። እኔ ቤት ግን ተረቱ የሚሰማው ከሌላው በኩል ነው። አያቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። አባቷ ቀጥቃጭ ነበር። ሎቲው የኛ ነው ማለት ነው።

ጎንደር የኖረ ሰው ምን እንደምል ያውቃል። ብረት የሚቀጠቅጥና ጭቃ የሚያቦካ ሰው ቡዳ ይባል ነበር፤ ማታ ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ጀበናው ከነሱ ይገዛል፣ ማረሻው ከነሱ ይገዛል፣ ሲመሽ ልጅ ከነሱ ይደበቃል። ከከተማው ወጥታችሁ በደባርቅ መንገድ ወለቃ ስትደርሱ ሸክላ የሚሸጡ ሴቶች ታያላችሁ። እዚያ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። አንዳንዶቹ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ ሌሎቹ ግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ተጓጉዞ። የኛ ቤተሰብ ቀርቷል፤ ምክንያቱ ረጅም ነው።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ልጅ አጠገቤ አልቀመጥም አለች። እናቷ ምሳ ስትበላ እንዳላያት ነግራታለች። እኔ ምሳዋን እያየሁ ነበር፤ እውነት ነው። ፍርፍር ነበር፣ ቅቤ ያለው። ርቦኝ ነበር። እቤት ስመጣ ለአያቴ ነገርኳት። ጭቃ እያለሰለሰች ነበር፤ እጇን ሳታነሳ "ጅብ ብሆን ኖሮ እስካሁን በእግሬ ገበያ እሄድ ነበር?" አለችኝ። ሳቅን። ከዚያ ጀበናውን አዙራ አንገቱን ማጠፍ ቀጠለች።

የጭራቅ አዳኝ መጽሐፍ የማነበው በዚህ ዓይን ነው። መጀመሪያ የምፈልገው ጥያቄ ጭራቁ ምን ያህል ጥርስ አለው የሚለው አይደለም። "ጭራቅ ነው" ብሎ ለከተማው የነገረው ማን ነው? ያ ሰው ከማረሻውና ከጀበናው ምን ያገኛል? ብዙው መጽሐፍ ይሄን አይጠይቅም። ጭራቁን አስቀያሚ አድርጎ ይስለውና ነገሩ አለቀ ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ጭራቁ ሁሉ የተበደለ ምስኪን ነው ብሎ ይገለብጠዋል፤ እሱም አይጥመኝም። ሰው የሚበላ ነገር አለ፤ አውቃለሁ።

የአንተን መጽሐፍ አላነበብኩትም። ስሟን ሲጠራት ግን እኔም ደነገጥኩ። ምክንያቱም ስም የሚያውቅ ጎረቤት ነው።

አዘዞ ባጃጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡20

እህቴ፣ አያቴ ነግራኛለች። ሎቲውንም። እኔም ለሌላ ሰው ነግሬ አውቃለሁ፣ እየሳቅኩ። ከማን ጋ እንደማወራ ሳላስብ። ይቅርታ።

ወለቃ መንገድ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡41

ይሁን። ባጃጅህ ላይ "ጥላ ወጊ አይንካን" የሚል ከተለጠፈ ግን አልሳፈርም :)

አዘዞ ባጃጅ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡43

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ነው የሚለው። ፍጥነቴን ስታይው ይገባሻል።

ማራኪ ዶርም · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

ፈተናው አለፈ። (ከበደ።) ትናንት ያልኩትን ግማሹን አንስቻለሁ። ሦስት ጊዜ ይሸጣሉ ያልኩት ግን ይቆያል። ለመሆኑ ጋሼ፣ ጭራ ጭራው ውስጥ የሌላ ትሪሎጂ ሁለተኛ ክፍል አይገኝም? የኔ አንድ የጎደለ አለ። ለጓደኛ ነው።

አወያይ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡00

ከዚህ በላይ የነበረ አንድ መልስ ተሰርዟል። የመጽሐፉን ስም ከሽፋኑ ገምቶ መጨረሻውን የጻፈ ሰው አለ። ከ40 ሰከንድ በላይ አልቆየም። ያየ ካለ አፉን ይያዝ።

ቡና በጤና አዳም · ረቡዕ፣ ከቀኑ 9፡02

አየሁት። አፌን ይዣለሁ። ልፈነዳ ነው።

የአንገረብ ልጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 12፡50

ገዛሁት!

ጋሼን አገኘኋቸው። ዝናቡ ሲያጉረመርም ሸራውን ሊጠቀልሉ ነበር። 300 ብር አሉኝ፣ 250 አልኩ፣ "የአጥንት ሕክምናውን ስላነበብክ" ብለው ተስማሙ። ክሩን ሁሉ እንዳነበቡት ያኔ ገባኝ። መጽሐፉ ታችኛው ጠርዙ ላይ በዝናብ ተጣጥፎ እንደ ደረቅ እንጀራ ሆኗል፤ ሲገለጥ ይንቋቋል። የመጀመሪያው ባለቤት አንዳንድ ቦታ በእርሳስ አስምሮበታል። ገጽ 88 ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ አለ። የማን ጥያቄ እንደሆነ እያሰብኩ እዚያው ዋርካው ሥር ቆሜ ሦስት ገጽ አነበብኩ። ከዚያ ወረደብኝ። መጽሐፉን ጃኬቴ ውስጥ፣ እኔ ውጭ።

@ወለቃ መንገድ የጻፍሽውን ለእህቴ አነበብኩላት። ዝም አለች። ከዚያ ደብተሩን አምጥታ ከመጀመሪያው ጀምሮ "ጭራቅ" የሚለውን ቃል መጀመሪያ ማን እንደተናገረው መፈለግ ጀመረች። የማኅበሩ አለቃ ነው። ሌላ ማንም ሰው ሳይናገረው ገጽ 31 እንደርሳለን። እኔ ነኝ የተረጎምኩት፤ አላየሁትም።

መብራት የለም። ሻማ አለ። ዛሬ መተርጎም የለም፣ ሁለታችንም ቁጭ ብለን እያየሁ እነግራታለሁ። ስልኬን አጠፋለሁ።

አዘዞ ባጃጅ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡10

ድምፁን! የወንድሟ ድምፅ መሆኑን ብቻ ንገረኝ! ሌላ አልፈልግም!

መምሬ ያልሆነ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡30

ጠፋ። አሁን ግማሹ ላይ ይሆናል።

ቡና በጤና አዳም · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 5፡55

ገደሉ ላይ ከደረሰ መተኛት አይችልም። አውቃለሁ። ምንም አላልኩም!

የአንገረብ ልጅ · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9፡35

ጨረስን። ሻማው ከኛ ቀድሞ አለቀ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ በስልክ መብራት ነው ያነበብነው። ውጭ ማሕሌት ይሰማል። እህቴ አላለቀሰችም፣ እኔ ነኝ።

ስፖይለር ክልክል ነው ብዬ የጀመርኩ እኔ ነኝና ቃሌን እጠብቃለሁ። መጨረሻውን በሁለት ቃል ብቻ እህቴ ትጻፍላችሁ። ስልኩን ሰጠኋት፦

አዳኝ ናት።

አዘዞ ባጃጅ · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9፡36

ጠብቆ ነው ላልቶ???

መምሬ ያልሆነ · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9፡41

ይቺን ልጅ ዋሸራ ላኳት።

አዘዞ ባጃጅ · ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 9፡58

ኧረ ስልኩን አጠፉት! ጋሼ፣ ነገ ሸራውን ስንት ሰዓት ነው የሚዘረጉት?